«ሶሪ» ይቅርታ ብቻ መስላኝ ነበር

አክስቴ ማረፏን የሰማሁት ቶሮንቶ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ሥራ ቦታ አለቃዬ ፊቴን አይታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ነገርኳት። «አይ አም ሶሪ» አለች። እኔም «አንቺ ምን አጠፋሽ? ታማ እኮ ነው የሞተችው» ብዬ አጽናናኋት። ዝም ብላ አየችኝ።

እኛ ትምህርት ቤት ሶሪ ማለት ይቅርታ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አዲስ አበባም ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠ «ሶሪ» ይላል፣ አለቀ። እዚህ ግን መንገድ የዘጋሁት እኔ ሆኜ ሶሪ የሚሉት እነሱ ናቸው። አንድ ደንበኛ «ሶሪ?» ሲለኝ «ኖ ፕሮብለም» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለካ «ምን አልክ?» ማለቱ ነው! መጨረሻው ላይ ድምፅ ከፍ ካለ ጥያቄ ነው።

ደብተር ገዛሁ። መጀመሪያ ከመዝገበ ቃላት ትርጉም ገለበጥኩ፤ ምንም አልጠቀመኝም። ከዚያ ዘዴ ቀየርኩ። ሶሪ በሰማሁ ቁጥር ማን ለማን፣ ምን ሲሆን እንዳለው እጽፋለሁ። ጎኑ ላይ «እናቴ እዚህ ብትሆን ምን ትላለች?» የሚለውን እሞላለሁ። ለቅሶ ላይ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»። በሰው መሃል ለማለፍ «አንዴ አሳልፉኝ»። ሳይሰሙ ሲቀሩ «አቤት?»። ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ «እኔን!»። ይቺን ስጽፍ ሳቅኩ። እኛ የሰውየውን ጉዳት ወደ ራሳችን እንጠራለን፤ እነሱ አዘንኩ ብለው ያልፋሉ። ግን ብዙም አይራራቅም። ሶሪ በድሮው እንግሊዝኛ ቁስልና ሕመም ከሚለው ሥር የመጣች ናት፤ «ሶር» (የሚያም፣ የቆሰለ) ለምትለው የእንግሊዝኛ ቃል እህቷ ናት። የአለቃዬ ሶሪ ከእኔ ይልቅ ለሥሩ ትቀርብ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ግን ደብተሩም አላዳነኝም። ሥራ የለቀቀ ባልደረባዬን «አይ ፊል ሶሪ ፎር ዩ» አልኩት። ተቆጣ። አባባሏ «ታሳዝናለህ» የሚል የንቀት ቃና አላት። አሁን ክፉ ወሬ ስሰማ «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» (ይህን በመስማቴ አዝናለሁ) ብቻ እላለሁ፤ በዚህ የተቆጣ ሰው አላየሁም።

ደግሞ የአገር ልጆች «መኪና ከተጋጨህ ሶሪ እንዳትል፣ ጥፋተኛ ያደርጉሃል» ይሉኝ ነበር። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚሁ ብላ ሕግ አውጥታለች፤ ሶሪ ማለት በፍትሐ ብሔር ክስ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። ለአንዲት ቃል ሕግ!

ባለፈው ክረምት አለቃዬ በሩ ላይ በረዶ አንሸራቷት ወደቀች። ሮጬ «እኔን!» አልኩ፣ በአማርኛ።

«ሶሪ?» አለችኝ እየተነሳች፣ ድምፅዋን መጨረሻው ላይ ከፍ አድርጋ።

«ሶሪ ነው ያልኩሽ» አልኳት።