ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ሰኔ ሲያልቅ የሒሳብ ሰው እንቅልፍ የለውም። ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊት የወጪ ሰነዱ ሁሉ ስካን ተደርጎ መግባት አለበት። ደብረ ብርሃን የሚገኝ፣ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ላይ ቅርንጫፍ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ሰነዱን የሚያሰባስበው በራሱ ሰርቨር ላይ በተጫነ፣ ኔክስትክላውድ በተባለ የፋይል ማስቀመጫና መጋሪያ ሶፍትዌር ነው። ሰኔ 24 ረፋድ ላይ ከመሐል ሜዳ የተላከው ጥራዝ አልገባ አለ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወደ አይቲ ክፍል ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ፋይሉ ተቆልፏል ይለኛል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ማንም ጋ የለም እትዬ፣ ሰርቨሩ ነው የቆለፈው። አሁን እከፍተዋለሁ።»

አልከፈተውም። ባለሙያው ስህተት ቁጥር 423ን («ተቆልፏል» ማለት ነው) ሲያይ ሁሉም የሚያደርገውን አደረገ፦ ሰርቨሩን ወደ ጥገና ሁነታ አስገብቶ፣ ዳታቤዙን ማሪያዲቢን ከፍቶ፣ «ኦሲ ፋይል ሎክስ» የተባለውን የመቆለፊያዎች ሠንጠረዥ ሊያጸዳ ሄደ። ሠንጠረዡ ባዶ ነበር። የሚጸዳ ነገር የለም፤ ፋይሉ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ መቆለፊያው ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ካልተሰጠው ብቻ ነው። በኮንፊግ ፋይሉ ላይ «ሜምካሽ ሎኪንግ» የሚለው መስመር ሬዲስን (መረጃን በማኅደረ ትውስታ ይዞ በፍጥነት የሚያቀርብ ፕሮግራም) ከጠቆመ፣ መቆለፊያው በሬዲስ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይኖራል እንጂ ሠንጠረዡን አይነካውም። ይህን መስመር ሳያነቡ ወደ ዳታቤዝ መሮጥ ውኃው ከሌለበት ጉድጓድ መቅዳት ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የባሰ ሆነ። ወደ ሬዲስ ገብቶ «ፍለሽኦል» ብሎ ሰጠ። ሬዲስ ሲጫን ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 የውስጥ ዳታቤዞች አሉት፤ ይህ ትእዛዝ ሁሉንም ይጠርጋል። በዚያው ሬዲስ ላይ የሠራተኞች የሰዓት መቆጣጠሪያ ሲስተም የመግቢያ ሴሽኑን፣ ማለትም ማን እንደገባ የሚያስታውስበትን መረጃ፣ ያስቀምጥ ኖሯል። ሕንፃው ሙሉ በአንዴ ከሲስተም ወጣ፤ ስልኩም ይጮኽ ጀመር። በጥገና ሁነታ ላይ ሆኖ እንኳ የኔክስትክላውዱን ቁጥር መርጦ «ፍለሽዲቢ» ማለት ይበቃ ነበር። ከዚያም የተሻለ አለ፦ ብዙ ጊዜ የኔክስትክላውድ ሎግ (የክንውን መዝገብ) የተቆለፈውን ነገር ስም፣ «ፋይልስ» ብሎ 32 ፊደልና ቁጥር አስከትሎ ይጽፈዋል። ያንን ስም በሬዲስ የ«ስካን» ትእዛዝ ፈልጎ አንዱን ብቻ መሰረዝ ይቻላል። «ኪይስ» የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ቆጥሮ እስኪጨርስ ሌላውን ሥራ ስለሚያግድ በሥራ ሰዓት አይነካም።

ከጽዳቱ በኋላ ፋይሉ ተከፈተ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ደግሞ ተቆለፈ።

ፍንጩን የሰጠው የመሐል ሜዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። «ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ይለቃል፤ ስንሞክረው መልሶ ይይዛል» አለ። አንድ ሰዓት ማለት 3600 ሰከንድ ነው፤ የኔክስትክላውድ መቆለፊያ ማንም ካልፈታው የሚያበቃበት፣ ካልተቀየረ በቀር የተተመነለት ዕድሜ። ሬዲስ ውስጥ «ቲቲኤል» ብሎ ሲጠየቅ ቀሪውን ሰከንድ ይናገራል። መቆለፊያው ዕድሜውን ጨርሶ የሚሞት ከሆነ፣ የቆለፈው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ የነበረው ፕሮግራም) ሳይፈታው ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ገዳዩ ነው።

ጥራዙ 2.8 ጊጋባይት ነበር። በዚህ ሰርቨር አሳሹ ፋይሉን በ10 ሜጋባይት ቁራጭ ስለሚልከው 280 ቁራጭ ይሆናል፤ መስመሩ ቢዘገይም አንድ በአንድ ይደርሳል። ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን ቆልፎ 280ውን ቁራጭ ከዲስክ እያነበበ እዚያው ዲስክ ላይ መልሶ ይገጣጥማል። በሰከንድ 30 ሜጋባይት ለሚሠራ አሮጌ ዲስክ ይህ ከ90 ሰከንድ በላይ ነው። ኔክስትክላውድ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ኮድ በሚያስኬደው በፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ማዋቀሪያ ላይ ደግሞ «ሪክዌስት ተርሚኔት ታይምአውት» የተባለው የጊዜ ገደብ 60 ሰከንድ ተብሎ ተጽፏል። በ60ኛው ሰከንድ ኤፍፒኤም ልጁን፣ ማለትም ሥራውን የያዘውን ፕሮሰስ፣ በሲግናል 15 ይገድለዋል፤ በራሱ ሎግም ላይ ጊዜው ስላለፈ አቋረጥኩት ብሎ ይጽፋል። ያንን ሎግ እስከዚያ ሰዓት የከፈተ አልነበረም።

«የፒኤችፒ የራሱ የጊዜ ገደብ፣ ማክስ ኤክስኪውሽን ታይም፣ 3600 ነው እኮ» የሚል ይኖራል። ነበር። እሱ ግን ሊኑክስ ላይ ስክሪፕቱ ራሱ የሠራበትን ጊዜ እንጂ ዲስክና ዳታቤዝ ሲጠብቅ ያለፈውን አይቆጥርም። ቢያልቅም እንኳ ፒኤችፒ ሲዘጋ የመዝጊያ ሥራዎቹን ስለሚያስኬድ ኔክስትክላውድ መቆለፊያዎቹን ይፈታል። የኤፍፒኤሙ ገደብ ግን የግድግዳ ሰዓት ነው፣ መጠበቂያውንም ይቆጥራል፤ ሲገድልም ለኑዛዜ ጊዜ አይሰጥም።

ፕሮሰሱ ገና እየሠራ የያዘውን መቆለፊያ ተገድሎ ከተወው የሚለየው ከ423 በፊት የመጣው የስህተት ቁጥር ነው። መጀመሪያ 504 (መልስ በጊዜው አልመጣም) ታይቶ ቁልፉ በጥቂት ደቂቃ ከለቀቀ፣ ትዕግሥቱ ያለቀው ጥያቄውን ከአሳሹ ተቀብሎ ለፒኤችፒ የሚያስተላልፈው ኤንጂንኤክስ ነው፤ ፒኤችፒው ከኋላ እየሠራ ስለሆነ መቆለፉ ትክክል ነው፤ መፍትሔው የእሱን የመጠበቂያ ገደብ፣ «ፋስትሲጂአይ ሪድ ታይምአውት»ን፣ ከ60 ሰከንድ ከፍ ማድረግ ነው። መጀመሪያ 502 (ከኋላ ያለው መልስ ተበላሸ) ታይቶ ቁልፉ ሰዓት ሙሉ ከቆየ ግን ፕሮሰሱ ተገድሏል። የመሐል ሜዳው 502 ነበር።

የኤፍፒኤሙም የኤንጂንኤክሱም ገደብ 3600 ተደረገ፣ ኔክስትክላውድ በሬዲስ ውስጥ ከሰዓት መቆጣጠሪያው ተለይቶ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ስካነሩም በ600 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) በቀለም ያነሳ ስለነበር ወደ 300 ዲፒአይ ግራጫ ወረደ፤ ይህ ያልታመቀውን መጠን ወደ አሥራ ሁለተኛ እጅ ያወርደዋል። ለደረሰኝ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጥራዙ በዚያው ቀን ገባ፤ መቆለፊያውም ግጥሚያው እንዳበቃ ከሬዲስ ጠፋ።

በሐምሌ ኃላፊዋ እንደገና ደወሉ። «ዛሬም ተቆልፏል።» ይህኛው ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተራቸው ተዘግቶ፣ የቢሮ ሰነድ ፕሮግራሙ ሊብረኦፊስ በጋራ አቃፊው ውስጥ የሚፈጥረው የተደበቀ የመቆለፊያ ፋይል ሳይጠፋ ቀርቶ ነው፤ በሌላ ማሽን ሲከፍቱት ይከለክላቸዋል። ያ ትንሽ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ቢከፈት የቆለፈውን ሰው ስም፣ ማሽኑንና ሰዓቱን ይናገራል።

«ማን ይላል ታዲያ?»

«እርስዎን ነው የሚለው እትዬ።»