ፕሌይስቴሽን 6ን እንጠብቅ ወይስ 5ን እንግዛ?

ዛሬ ፒያሳ ጌም ቤት ጆይስቲክ የያዘውም ተራ የሚጠብቀውም የሚከራከረው በዚሁ ነበር። ፕሌይስቴሽን 6ን የምትጠብቁ ጠብቁ፤ ግን ከዋጋው በፊት ዲስክ ማጫወቻ እንዳለው ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 5 ፕሮ 700 ዶላር ገደማ ተሽጦ እንኳ ማጫወቻው ለብቻው ነው የሚገዛው። ያለ ዲስክ 100 ጊጋባይት ጌም በ10 ሜጋቢት መስመር ማውረድ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልሄደ! ዲስክ መዋዋስም ቀረ ማለት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ 5 በ220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፣ ሶኬቱን ብቻ አስተካክሉ። መብራት በድንገት ጠፍቶ ፕሌይስቴሽኑ ካስቸገራችሁ፣ መጀመሪያ አጥፉት፤ ከዚያ ማብሪያውን ሁለተኛው ጢጥታ እስኪሰማ (7 ሰከንድ ገደማ) ተጫኑ፤ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙና «ሪቢልድ ዳታቤዝ»ን (ውስጡ ያለውን ዝርዝር እንደ አዲስ የሚያደራጀውን) ምረጡ። «ሪሴት»ን እንዳትነኩ፣ ሁሉንም ያጠፋል።