በጄምስ ወንዝ ዳርቻ

ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው ጄምስታውን ረፋድ ላይ ደረስኩ። እንግሊዞች በአሜሪካ ጸንቶ የቆየላቸውን የመጀመሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1607 ያቆሙት እዚህ ነው። ቦታው ዝቅ ያለና በረግረግ የተከበበ ነው። ደጋ ላይ ላደገ ሰው፣ ወዶ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጎጆ መቀለስ ያስገርማል። ወንዙ ዳር ቆሜ ሳየው ግን ነገሩ ገባኝ። ውኃው እስከ ዳር ድረስ ጥልቅ ስለነበረ መርከቦቻቸውን ከዛፍ ጋር ያስሩ ነበር፤ ከባሕሩ ገባ ማለቱም ከስፔን መርከቦች ዓይን ይሰውራቸዋል።

ለመርከብ የተመቸው ቦታ ለሰው አልተመቸም። ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማ ውኃ ሽቅብ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ሙቀቱ ሲበረታና ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ይብሳል። በጥንታዊ ዛፎች ግንድ ውስጥ ያሉት ቀለበቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰፋሪዎቹ የመጡት በጽኑ ድርቅ ዘመን ነው። የአገሬው ተወላጅ የሆነው የፖውሃታን ሕዝብ በቆሎ ለባለቤቶቹም አልበቃ ሲል ከሰፋሪዎቹ ጋር ጠቡ ከረረ። ከ1609 ወደ 1610 በተሻገረው የብርድ ወቅት፣ ከ300 ያህል ሰፋሪዎች የተረፉት 60 ገደማ ብቻ ነበሩ። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ከፍ ወዳለው ወደ ዊሊያምስበርግ የተዛወረው ግን በ1699 ነው።

ወደ ሪችመንድ የሄድኩት ወንዙን በሚከተለው በ5 ቁጥር መንገድ ነበር። ደንና እርሻ እየተፈራረቁ ያልፋሉ፤ ከተማ የሚባል ግን የለም። ዌስቶቨር በተባለው ጥንታዊ እርሻ ወርጄ የቀይ ሸክላውን ቤት ተመለከትኩ። ያጌጠው በሩ ወደ ወንዙ ያያል፤ በመካከላቸው ሣርና ትልልቅ ዛፎች ብቻ አሉ። ባለ እርሻው የራሱ ወደብ ደጁ ላይ ነበረው። ከእንግሊዝ የመጣው መርከብ ልብሱንና ዕቃውን አራግፎ፣ በበርሜል የታሸገውን ትንባሆ ጭኖ ይመለሳል። ሁሉም እንዲህ ከነገደ የገበያ ከተማ ለማን ይቆረቆራል? በዚያ ላይ ትንባሆ አፈሩን በሦስት አራት ዓመት ስለሚያደክመው፣ ገበሬው አዲስ መሬት ፍለጋ ይበተናል። በሰሜን፣ በኒው ኢንግላንድ፣ መሬቱ ድንጋያማ በመሆኑ ሰዎች በመንደር ተሰባስበው ዓሣ ማስገርና መርከብ መሥራት ያዙ።

ወንዙና አፈሩ ይህን ያህል ያስረዳሉ። ባርነትን ግን በመልክዓ ምድር ማመካኘት አልቀበልም። በ1619 ከ20 በላይ የሚሆኑ አፍሪካውያን በወንዙ አፍ አጠገብ ተሸጡ። ጄምስታውን ውስጥ አንጄላ የተባለች አፍሪካዊት የኖረችበት ግቢ ተቆፍሮ ተጠንቷል፤ ስሟ በ1625 የነዋሪዎች መዝገብ ላይ ይገኛል። እዚያ ብዙ ቆየሁ። በ1662 የቨርጂኒያ ምክር ቤት ከባሪያ እናት የሚወለድ ልጅ ባሪያ ይሁን ብሎ ደነገገ። ይህን ሕግ ያወጡት ጥቅማቸውን ያሰሉ ሰዎች ናቸው እንጂ ወንዝ አይደለም።

ሪችመንድ ላይ ወንዙ ጠባዩን ይለውጣል። ከድልድዩ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ውኃው ከዓለት ዓለት እየተላተመ ነጭ አረፋ ይደፍቃል። የደጋው ጠንካራ ድንጋይ አብቅቶ ለስላሳው የባሕር ዳር ሜዳ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከባሕር የመጣ መርከብ ከዚህ ወዲያ አያልፍም፤ ከላይ የወረደውም ጭነት መራገፍ አለበት። የዌስቶቨር ጌታ ዳግማዊ ዊሊያም በርድ በ1737 ከተማውን ያስቀየሰው ለዚህ ነው። ኋላም ፏፏቴው የዱቄት ወፍጮዎችን አዞረ።

የተመለስኩት በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው። ፍሬድሪክስበርግ ከራፓሃኖክ ወንዝ ፏፏቴ ሥር ተቆርቁራለች፤ የትንባሆ ወደብ የነበረችው ጆርጅታውንም ከፖቶማክ ፏፏቴ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሚቀጥለው ጉዞዬ ይህንኑ የፏፏቴዎች መስመር ወደ ሰሜን ይዤ፣ በባልቲሞርና በፊላደልፊያ አልፌ በዴላዌር ወንዝ ፏፏቴ ላይ እስከ ተመሠረተችው ትሬንተን ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ።