መጀመሪያ ቢላዋ፣ ከዚያ እሳት

ለብዙ ዓመት ብሮኮሊና ጥቅል ጎመን የማበስለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ውሃ አፈላለሁ፣ እጨምረዋለሁ፣ እስኪልም እቀቅላለሁ፣ ከዚያ አረንጓዴውን ውሃ እደፋለሁ። የምበላው ለጤናዬ ብዬ ነው። ስለ ግሉኮሲኖሌት ማንበብ ስጀምር ግን የምፈልገውን ነገር ከውሃው ጋር ስደፋ እንደኖርኩ ገባኝ፣ በጣም ነው የቆጨኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ አበባ ጎመን፣ ሰናፍጭ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም ውስጥ ድኝ ያለባቸው ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ውህዶች አሉ፣ እስካሁን ከ100 በላይ ዓይነት ይታወቃል። ውህዱ ብቻውን ሲሆን ዝም ብሎ ይቀመጣል። እዚያው ተክል ውስጥ፣ ግን በተለየ ቦታ፣ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ። ትል ቅጠሉን ሲበላው ወይም እኛ ስንከትፈውና ስናኝከው ሁለቱ ይገናኙና የሚሰነፍጠው ነገር ይፈጠራል። ተክሉ ራሱን የሚከላከለው በዚህ ነው። ደረቅ የሰናፍጭ ዱቄት ብዙም ሳይሸት ውሃ ሲነካው አፍንጫ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ከብሮኮሊ የሚወጣው ሰልፎራፌን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1992 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ ለይተው አወጡት። እኔን የማረከኝ አሠራሩ ነው፤ የራሳችንን ሴሎች ይቀሰቅስና ጎጂ ኬሚካሎችን የሚያመክኑ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲያመርቱ ያደርጋቸዋል። የካንሰር መድኃኒት ነው የሚሏችሁን ግን አትስሟቸው። እነዚህን አትክልቶች አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች ላይ አንዳንድ ካንሰሮች ቀነስ ብለው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ፣ ይሄ ደግሞ ከመድኃኒትነት በጣም የራቀ ነገር ነው።

ችግሩ ማይሮሲኔዝ እሳት አይችልም። ሙሉውን ብሮኮሊ የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው ኢንዛይሙ ሥራ ሳይጀምር ይበላሻል፣ ግሉኮሲኖሌቱም ወደ ውሃው ይሟሟል። የአንጀት ባክቴሪያዎች የቀረውን በተወሰነ ደረጃ ይለውጡታል፣ መጠኑ ግን ከሰው ሰው ይለያያል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት። አሁን መጀመሪያ እከትፋለሁ፣ 40 ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፣ ከዚያ በእንፋሎት ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ። አንዴ ከተፈጠረ ሰልፎራፌኑ ከኢንዛይሙ ይልቅ ሙቀትን ይቋቋማል። መጀመሪያ ላይ በትልልቁ ቆርጬ እጠብቅ ነበር፤ ለካ ሥራው ያለው ቢላዋ በነካው ቦታ ላይ ነው፣ ስለዚህ ደቀቅ አድርጉት። አንድ ቀን ደግሞ ስልክ ይዞኝ ምድጃው ላይ ረሳሁት። ቀለሙ ጠውልጎ ቤቱ በሙሉ ድኝ ድኝ ሸተተ። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴው ቦግ ሲል አወጣዋለሁ።

ከሁሉም ያናደደኝ የበረዶው ብሮኮሊ ነው። ለሳምንታት እያቀለጥኩ፣ እየከተፍኩ፣ 40 ደቂቃ ስጠብቅ ከረምኩ። ለካ ከመቀዝቀዙ በፊት በሙቅ ውሃ ስለሚነከር ኢንዛይሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ሞቷል! መፍትሔው ሰናፍጭ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የበሰለ ብሮኮሊ ላይ የሰናፍጭ ዱቄት ሲጨመር ሰውነት የሚያገኘው ሰልፎራፌን ከአራት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። እኔ ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ትንሽ እነሰንሳለሁ።

ቡቃያም ሞክሬያለሁ። የሦስት ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ ግራም በግራም ሲለካ አድጎ ከደረሰው ተክል ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚሆን የሰልፎራፌን መነሻ የሆነ ግሉኮሲኖሌት አለው። ግን እርጥበትና ሙቀት ባክቴሪያም ይወዳል፣ የመጀመሪያው ማሰሮዬ ሸትቶኝ ደፋሁት። አሁን በቀን ሁለት ሦስቴ አጥባለሁ፣ ውሃውንም ጥንቅቅ አድርጌ አንጠፈጥፋለሁ። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን ጥሬውን አልሰጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናቴ ተማርኩ። ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፣ እኔ ደግሞ በደስታዬ ብዛት ጎመን በጎመን አደረግኳት። ሐኪሟ የደም ምርመራዋን አይቶ ምን እንደቀየረች ጠየቃት። ቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። አትብላ አላላትም፣ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት እኩል አድርጊ ነው ያላት። የታይሮይድ ሕመም ያለበትና አዮዲን የሚያንሰው ሰውም ጥሬውን በብዛት ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። እማዬ አሁን የራሷ መለኪያ ሳህን አላት፣ ከትፋ ሰዓት የምታየውም እሷ ናት።