ስኳር የተቀባው ሞልድ

የምሠራው ገላን ነው፤ ቱቦ፣ ብሎኬትና የአጥር ምሰሶ በሚያመርት ግቢ። ጥራት እቆጣጠራለሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች በደጃችን ያልፋሉ። ከባህር ጋር ያለን ዝምድና ይኸው ነበር፤ አንድ ደንበኛ ለሙከራ የሚሆኑ ጉልላት የሚመስሉ የኮንክሪት ሥራዎች እስኪያዘን ድረስ። ውስጣቸው ክፍት፣ ጎናቸው ቀዳዳ በቀዳዳ። ባህር ወለል ላይ ይቀመጡና ኮራል ያርፍባቸዋል ተባለ።

ፎርማናችን "እኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባህር ያለን?" ብሎ ሳቀ። ሥራው ግን ወዲያው ገባው። ሞልዱ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) መሃል የተነፋ ኳስ ከተተ፤ ኮንክሪቱ ሲይዝ አስተንፍሶ አወጣው። ክፍቱ ቦታ ተገኘ።

ማለስለሱን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የልስን ባለሙያ ያዙት። እሳቸው የነኩት ነገር መስታወት ይመስላል። ሞልዱም እንደ ወትሮው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል።

የደንበኛው መሐንዲስ መጣች። ውሃ አፈሰሰችበት። በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው።

"ጋሼ፣ ይሄ አይሆንም።"

"ምን ጎደለው ልጄ?"

"አልጎደለውም፣ በዝቶበታል እንጂ።"

ጋሼ ከፋቸው። እሷም ገብቷት ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ጫጩቱ በውሃ ውስጥ ተንሳፎ የሚጣበቅበት ቦታ ይፈልጋል። የሚመቸው ሸካራ፣ ጥቃቅን ስርጉድ ያለው ነገር ነው። ለስላሳ ላይ መያዣ ያጣል። ዘይቱ ደግሞ ለሱ መርዝ ነው።

መሐንዲሷ ከፎርማኑ ጋር የተከራከረችው በሲሚንቶው ነው። ትዕዛዙ ፒፒሲ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ይላል፤ እሱ ደግሞ ፒፒሲ ለልስን፣ ኦፒሲ (ተራው ሲሚንቶ) ለኮንክሪት ብሎ ነው ያደገው። አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፤ የባህር ውሃ 8 አካባቢ። ለዚያ ጫጩት ይሄ ያቃጥላል። ፒፒሲ ውስጥ ያለው ዱቄት ነፃውን ኖራ ስለሚበላው የሚወጣው አልካሊ፣ ማለትም የሚያቃጥለው ነገር፣ ይቀንሳል። ሮማውያንም የወደብ ግንባታቸው ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ይቀላቅሉ ነበር፤ ሥራቸው ዛሬም አለ። ፌሮም አያስፈልግም አለች፤ ጨው ከደረሰበት ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል።

ከጎናችን ጋራዥ አለ። አንዱ "ያ ሁሉ አሮጌ ጎማ እያለ ለምን እንለፋለን?" አለ። ተሞክሯል። በ1972 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎማ ባህር ውስጥ ተጣለ። ማሰሪያው ተበጠሰ። ጎማው በማዕበል እየተንከባለለ በአካባቢው የነበረውን ኮራል ጭምር ደበደበው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጠላቂዎች እየለቀሙ ማውጣት ጀመሩ። ጠያቂው ዝም አለ።

እሺ፣ ዘይት ከቀረ ሞልዱ በምን ይላቀቃል? ሸካራነቱስ? ይሄኔ አንድ የቀን ሠራተኛ "ስኳር ብንቀባውስ?" አለ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ስኳር የነካው ሲሚንቶ እንደማይደርቅ ሳይት ላይ የዋለ ሁሉ ያውቃል። መሐንዲሷ ብቻ አልሳቀችም። "ልነግራችሁ ስል ቀደመኝ" አለች። ሞልዱ በስኳር ውሃ ሲቀባ ላዩ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ብቻ ሳትጠነክር ትቀራለች። በማግስቱ በውሃ ስትታጠብ ጠጠሩ ብቅ ይላል። ሌላ አገርም የኮራል ማረፊያ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ይጠቀማሉ።

ንብረት ክፍል ስኳሩን ለማውጣት ያሳየን ፈተና ለብቻው ሌላ ገጠመኝ ይወጣዋል። ለሻይ ብትሉኝ ይሻለኛል አለ።

መጀመሪያ አበዛነውና ሽፋኑ ጠጠሩን ይዞ ተራገፈ። ቀጠን ሲል ሰመረ። የመጨረሻውን ያጠቡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ "እድሜ ልኬን ያለሰለስኩትን አሁን ላቆሽሽ?" እያሉ።

እኔ ግን ስለ ሥራው ብዙ አልመካም። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት (ኮራሉ ተጨንቆ ቀለሙን ማጣቱ) መከሰቱን አረጋግጧል። ምክንያቱ የባህሩ መሞቅ ነው። ኮንክሪት ባህር አያቀዘቅዝም፤ ማረፊያ ቦታ ብቻ ነው የሚሰጠው። መሐንዲሷም ከዚህ በላይ ቃል አልገባችም።

ናሙናዎቹ ተጭነው ሄዱ። ስኳሩ ግን ግቢያችን ቀረ። አሁን ጋሼ ጠጠሩ የሚታይ የግቢ መረማመጃ ንጣፍ ይሠሩበታል። ደንበኞች በክረምት አያንሸራትትም ብለው ወደውታል፤ ፎርማኑም ከለስላሳው አስበልጦ ይሸጠዋል።