ባለ አንድ ዓይኑ ገብርኤል

ልጅ ሆኜ ጳጉሜን ሲገባ የቤታችን ወለል በወረቀት ይሞላ ነበር። ከደብተር መሃል ሉክ እየገነጠልኩ፣ መስኮት ላይ ለጥፌ ከስር ያለውን መስመር እየገለበጥኩ፣ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፉን የዘረጋ መልአክ እስላለሁ። መስከረም 1 ጠዋት እህቶቼ አበባየሆሽ ሊሉ ሲወጡ እኔ ደግሞ ስዕሎቼን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። ስሙኒ የሚሰጥ አለ፣ ዳቦ የሚሰጥም አለ።

አንድ ዓመት ለጎረቤታችን እማማ ገብርኤልን ሰጠኋቸው። ወደ ጎን አዙሬ ነው የሳልኩት፤ አፍንጫ ከፊት ለፊት መሳል ያቅተኝ ነበር። ወረቀቱን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው አዩና «ልጄ፣ መልአክ በአንድ ዓይን ይሳላል እንዴ? አንድ ዓይን የሰይጣን ነው» አሉኝ። ስሙኒዬን ግን አልከለከሉኝም። «እደግ ተመንደግ» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

አላመንኳቸውም። እሑድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅዳሴው እስኪያልቅ ግድግዳው ላይ ዓይን ስቆጥር ቆየሁ። እውነታቸውን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሳሳል ጻድቃንና መላእክት ፊታቸውን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ሰይጣንና ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሳሉት። ስንት ዓመት ፊቱ ቆሜ ያስቀደስኩበት ግድግዳ ነው፣ ለካ አንድም ቀን አላየሁትም።

ሰዓሊ አልሆንኩም፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ግን ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ያ ግድግዳ ትዝ ይለኛል። ተማሪዎቼ ልብን ሲስሉ አራቱንም ክፍል እኩል ያደርጉታል። መጽሐፉ ፊታቸው ተገልጦ እንኳን እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል፣ ልክ እንደኔ። ስለዚህ በዓል ሲያልፍ የበግ ልብ ይዤ እመጣና መሃል ለመሃል እሰነጥቀዋለሁ። የታችኛው የግራ ክፍል ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል። ቀኙ ደሙን የሚገፋው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ ማድረስ አለበት። ይህን ቀድሞ መናገር ቀላል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ዝም እላለሁ፣ እማማ ባይናገሩኝ ኖሮ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ለማየት ስንት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር እያልኩ እንኳን ዝም እላለሁ፣ ምክንያቱም የነገሩኝን ያመንኩት ራሴ ቆጥሬ ነው።

ዘንድሮ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ መጣና የበጉን ልብ ግድግዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዘ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ምንም አልተናገረም። ወደ ወንበሩ ተመልሶ ደብተሩን ገለጠና የሳለውን በላጲስ ማጥፋት ጀመረ።