ደስታ መሰል

መሐል ሜዳ አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። መንዝ የበግ አገር ነው። ውርጭ ገብሱን ቢመታው እንኳ በግ አለ። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የተዝካር ወጪ፣ ሁሉም ከጉሮኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ሰው ይጎርፋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ የጽድ ዛፍ ሥር ቆሜ ተናገርኩ። ፒፒአር የሚባል ድንበር ተሻጋሪ የበግና የፍየል በሽታ እንዳለ፣ የአገር ኢኮኖሚ እንደሚጎዳ፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ እንደተያዘ አስረዳሁ። «ሁላችንም ርብርብ ማድረግ ይጠበቅብናል» ብዬ ጨረስኩ። አጨበጨቡልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ብልቃጥ በጠበጥኩ። ክትባቱ ከቢሾፍቱ ደርቆ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተበጠበጠ በረዶ ሳጥን ውስጥ ቢሆንም ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ማለቅ አለበት። ብልቃጡ ለ100 በግ ይበቃል። የመጡት 14 ናቸው። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል መንገድ መንገዱን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ የ86 በግ ክትባት አስወገድኩ። ያቺን ብልቃጥ እስከዛሬ አልረሳትም።

ማታ ከቀበሌው ሽማግሌዎች ወደ አንዱ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ለምን ቀሩ?»

«ልጄ፣ ያልከው ነገር ለእኛ ነበር እንዴ? ለመንግሥት መስሎኝ» አሉኝ።

ሳያስቡ የተናገሩት ነው፤ እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ቀስ በቀስ የሆዳቸውን አወጡ። ባለፈው ዓመት የመጡት ከታቢዎች በጎቹን አሯሩጠው፣ ጥለው ሲይዙ ያረገዙት ግልገላቸውን ጣሉ። ሌላም አለ። በጉ የሚቆጠረው ለግብር ነው ይባላል። እሑድ ዕለት ከሁለቱ አንዱንም አላነሳሁም ነበር።

በሽታው ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ትኩሳት፣ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ ብዬ ስዘረዝር የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ።

«ይኼማ ደስታ አይደል? ከብቱን የጨረሰው?»

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀው፣ ክፉ ቀን የሚባለውን ረሃብ ያመጣው ያ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው። እሳቸው ከአያታቸው ሰምተውታል። የበጉ በሽታ ቫይረስ ደግሞ የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። በአማርኛ ስሙም ደስታ መሰል ነው። እያወቅኩት ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውን ፒፒአር ይዤ ነበር የቆምኩት።

በሚቀጥለው እሑድ የተናገርኩት አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። «ደስታን አያቶቻችሁ ያውቁታል። ይኼ የእሱ ዘመድ ነው። በሬ ሳይሆን በግና ፍየል ነው የሚገድለው። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ደስታ ከምድር የጠፋው በክትባት ነው፤ መጥፋቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ታውጇል።» ቀጥዬ ፍርሃታቸውን በስሙ ጠራሁት። «አምና በጎቻችሁ ግልገል የጣሉት አያያዙ ክፉ ስለነበር ነው፤ ጥፋቱ የከታቢው ነው። ዘንድሮ ያረገዘችውን ባለቤቷ ይያዛት። መዝገቤም ይኸው፤ የምጽፈው የተወጋውን ብዛት ነው፤ ክትባቱን የማወራርድበት ነው፤ የፈለገ ያንብበው።»

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «መርፌው ለጉበት ትልም ይሆናል?»

እውነቱን ልናገር፣ አዎ ማለት አምሮኝ ነበር። አዎ ብል ሁሉም ይመጣል።

«አይሆንም እማማ። ለደስታ መሰሉ ብቻ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አበላሸሁት አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ። «የማይችለውን አልችልም ካለ፣ እችላለሁ ያለውን እናምነዋለን» አሉ።

ሰው ፊት ቆሜ በተናገርኩ ቁጥር ያቺ የጉበት ትል ጥያቄ ትመጣብኛለች። ንግግር ማሳመር ይለመዳል። እጅህ ላይ ያለው እውነት ትንሽ ሲሆን ግን ትንሽነቱን መናገር ይከብዳል። ሰዎቹ ሲመዝኑኝ የነበረው በዚያ ነው።

የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በጎቹን ከጉሮኖ አታውጡ፤ ከላይኛው መንደር ጀምሬ እኔ እመጣለሁ።

ማክሰኞ የመጀመሪያው በር የሽማግሌው ነበር። ያረገዘችውን በግ ጉልበታቸው መሐል አስገብተው አንገቷን እያሻሹ ያዙልኝ። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ ወጋኋት። አልተንፈራገጠችም። እኩለ ቀን ሳይደርስ ሦስት ብልቃጥ አለቀ። አንዲት እናት ግን በር አልከፈቱም። መዝገቡን ደጃፋቸው ላይ ላነበበው ልጃቸው ትቼ አለፍኩ፤ ስመለስ በሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ።

ማታ ባዶውን ሳጥን ተሸክሜ ስወርድ ሽማግሌው ከኋላ ጠሩኝ።

«ነገ የታችኛው መንደር ነው አይደል? ቀድሜህ ሄጄ እኔ እነግራቸዋለሁ።»